ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃያ አንደኛዋ

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ ግን ከራሱ ከመምህሩ አፍ ሰምቼዋለሁ።

ጊዜው ኅዳር 2001 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት። ቦታው ደባርቅ፣ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ። ጉሙ ከስሜን በኩል ወርዶ የባንዲራውን ዘንግ ውጦታል...

ሀብተ ሚካኤል የሂሳብ መምህር ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ በዓለም ላይ ያለችው አንዲት ልጁ ብቻ ናት። እየሩስ ትባላለች፤ እዚያው ዘጠነኛ ክፍል ትማራለች።

ያን ዕለት የትራኮማ ክኒን ሊታደል ተማሪው ሁሉ ተሰለፈ። የተመዘገበው 2520 ነው። ክኒኑም የመጣው በልኩ ነው።

"አሥር አሥር ሁኑ" አለ መምህሩ፣ ሊቆጥራቸው።

አንድ ተረፈ።

ዘጠኝ ዘጠኝ አደረጋቸው። አንድ ተረፈ።

ስምንት... ሰባት... ስድስት... ያው አንድ።

2521 ናቸው ማለት ነው። ብቸኛ ቁጥር፤ ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም። በስንትም ቢያሰልፋቸው እኩል አይሆኑም። ግን ብቸኛ ቁጥር ሲካፈል የሚተርፈው ይለያያል፤ አንዴ ሦስት፣ አንዴ አምስት። ይሄ ግን ሁልጊዜ አንድ...

ደስ አላለውም።

ዘበኛው ጋሽ አሻግሬ ጠጋ ብለው አንሾካሾኩ።

"መምህር... ልጆቹ ዝም አሉሳ።"

"በርዷቸው ነው።"

"ይህ ሁሉ ልጅ... አንድ እንኳ አይስልም?"

እውነትም ሰልፍ ሲቀይሩ ኮቴያቸው አልተሰማም።

"ከውጭ የገባ ሰው አለ" አለ መምህሩ። "የተረፈውን ያስወጡልኝ።"

"ሴት ናት። ተከናንባለች፤ በዚህ ጉም ፊቷ አይለይም።"

"ምን ትላለች?"

"ታለቅሳለች።"

"ትውጣ።"

ጋሽ አሻግሬ አስወጧት፤ የግቢው የቆርቆሮ በር ተዘጋ።

ሀብተ ሚካኤል በልጅነቱ ዳባት ውስጥ የበዓላትን ቀን ማውጫ ሂሳብ፣ ባሕረ ሐሳብን ተምሯል። በዚያ ሂሳብ ቁጥሩ እየተካፈለ ይገደፋል፤ የሚያዘው የተረፈው ነው። ያን ጠዋት ግን የተረፈውን ጣለ።

አሥር አሥር ሞላ። ዘጠኝ ዘጠኝም ሞላ። እፎይ አለና ክኒኗን ቀድሞ ሊሰጣት ልጁን ተጣራ።

"እየሩስ።"

"አቤት አባዬ..."

የልጁ ድምፅ ነው። ግን ከአንድ ቦታ አልመጣም። በየሰልፉ የቆሙት ሁሉ፣ በአንድ ጊዜ፣ በእሷ ድምፅ ነው የመለሱለት።



በዚያው ቅጽበት ከውጭ አንዲት ልጅ በሩን በመዳፏ ትመታ ጀመረች።

"አባዬ... እኔ ነኝ... ክፈትልኝ..."

እንዴት እንደሮጠ አያውቅም። መቀርቀሪያውን ፈልቅቆ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው።

ጉም ብቻ ነው።

የተከፈተውን በር በእጁ ይዞታል... ቆርቆሮው ግን መዳፍ ሲያርፍበት እየተንቀጠቀጠ፣ አሁንም እየተመታ ነው።