አረንጓዴው ጫማ

ሞግዚቷ ከደረጃው ሥር በጀርባዋ ተዘርራለች። መርማሪዋ ጎንበስ አለች። የሟቿ ማጅራት ደም አዝሏል፤ የቀኝ እጅጌዋ ከትከሻዋ ተተርትሯል። ብቻዋን የወደቀች ሴት እጅጌዋ እንዲህ አይሆንም።

«ወተት ላፈላ ስገባ ደህና ነበረች» አለች የሕፃናት ማሳደጊያው ምግብ አብሳይ። «ስወጣ እንዲህ ሆና አገኘኋት።»

«ምን ልታደርግ ነበር የምትወርደው?»

«ትንሿን ልጅ ለእናቷ ልታስረክብ። ወላጅ የላትም ይበሉ እንጂ እናቷ በሕይወት አለች፤ ታስተምሩልኛላችሁ ብላ ነው ያመጣቻት። ፎቶዋ የእርዳታ መለመኛ ሆነና ማን ይልቀቃት? አሁን ደግሞ ይኸው፣ ከዚያ ወዲህ የልጅቷ አፍ ተለጉሟል።»

ልጆቹ ኮሪደሩ ላይ በባዶ እግራቸው ተደርድረዋል።

«ጫማ የላቸውም?»

«አላቸው እንጂ። የውጭ እንግዳ ሲመጣ ኃላፊው ሰብስቦ ይቆልፍባቸዋል። ባዶ እግር አንጀት ይበላል ይላል።»

የማሳደጊያው ሾፌር የዛሬዎቹን እንግዶች አውቶቡስ ውስጥ ትቶ መጣ።

«ጠዋት የትንሿ ልጅ እናት አዲስ ጫማ በእኔ እጅ ላከች። አረንጓዴ፣ እንቁራሪት የተሳለበት። ለሞግዚቷ በእጇ ሰጠኋት፤ ልጅቷም እዚያው አጠለቀችው። ከዚያ እንግዶቹን ላመጣ ሄድኩ።»

ኃላፊው ከረባቱን እያስተካከለ ቀጠለ። «እኔ ጫማዎቹን ትናንት ከሰዓት ቆልፌ ወጣሁ። ዛሬ የመጣሁት ስትደውሉልኝ ነው።»

«ቁልፉስ?»

«አንድ ነው። ከኪሴ አይወጣም።»

መርማሪዋ ሦስቱንም ጫማዎቹ የተቆለፉበት መጋዘን በር ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ይክፈቱት።»

ከፈተው። ከአሮጌዎቹ ጫማዎች ላይ ሁለት እንቁራሪቶች ተቀምጠዋል።

«ይኼ ጫማ ግቢው የገባው ዛሬ ጠዋት ነው» አለች። «መጋዘኑ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ አልተከፈተም ብለውኛል። ቁልፉ ያለው እርስዎ ጋ ብቻ ነው። ስለዚህ ጠዋት እዚህ ነበሩ። ሞግዚቷ ልጅቷን ይዛ ስትወርድ እጇን ያዙ፣ እጅጌዋ ተቀደደ፣ ገፏት።»

«ለምን ብዬ ጫማ...»

«ሌላ ሰው ቢሆን ይሸሽ ነበር። ሬሳ አጠገብ ተንበርክኮ የልጅ ጫማ የሚያወልቀው፣ እንግዳ መምጣቱን የማይረሳ ሰው ነው።»

ኃላፊው ጫማውን እንጂ እሷን አላየም። «ለልጆቹ ብዬ ነው» አለ።

አብሯት የመጣው ፖሊስ ኃላፊውን ይዞት ወጣ። ልጇን ልትረከብ የመጣችው እናት የግቢው በር ጋ ቆማለች። መርማሪዋ ጫማውን ልጅቷ ፊት አስቀመጠች። ልጅቷ ግን እግሯን ሰበሰበች፤ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ፈታች።

«እንግዶቹ ሄዱ?»

አውቶቡሱ በመስኮቱ ይታያል።

«አልሄዱም» አለች መርማሪዋ፣ የጫማውን ማሰሪያ እየፈታች። «አድርጊው።»