የቦራ ገብስ

«ሌባው ምን ትቶ ሄደ?» ብላ ጠየቀች ማናለብሽ።

እንቁ ግራ ገባት። ቦራ ከጠፋ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል፤ በነዚህ ቀናት ሰው ሁሉ የጠየቃት ምን እንደተወሰደ ነበር። ፖሊሱም፣ ሽማግሌዎቹም፣ የክፍል ጓደኛዋ ሀይማኖትም የጠየቁት ይህንኑ ነው። «ፈረሳችን» ብላ መመለሱም ሰልችቷታል። ምን እንደቀረ ግን የጠየቃት አልነበረም።

የማናለብሽ ቢሮ እንጅባራ መናኸሪያ አጠገብ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። በሩ ላይ በቀይ ቀለም «ማናለብሽ፣ የግል መርማሪ። የጠፋ ይፈለጋል» ተብሎ ተጽፏል። ሁለት የቀርከሃ ወንበሮችና አንድ ጠረጴዛ አሏት፤ አንደኛው ወንበር ሰው ሲቀመጥበት ይጮኻል። ማናለብሽ አሥራ ስድስት ዓመት ፖሊስ ነበረች። ሥራውን ከለቀቀች ወዲህ የጠፋ በሬ፣ የጠፋ ሞባይል፣ አንዳንዴም የጠፋ ባል ትፈልጋለች። ከተማው በፍቅርም በፌዝም «ኢንስፔክተር» ይላታል። እንቁ ወደ እሷ ልትሄድ እንደሆነ ስትነግራት ሀይማኖት «ለፈረስ ዲቴክቲቭ? ሼም ነው፣ እንቁዬ» ብላ ስቃባት ነበር።

«ኮርቻውን ትቷል» አለች እንቁ አሰብ አድርጋ። «ልጓሙንና ባለ ጥልፉን ግላስም። ሁሉም ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው።»

«ከፈረሱ ሌላስ የወሰደው አለ?»

«ገብስ። ግማሽ ጆንያ ገብስ ነበረን፣ እሱም የለም። እርስዎ ግን…»

«አንቱ አትበይኝ፤ ገና አርባ አምስቴ ነው» አለች ማናለብሽ። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና እንቁን ትኩር ብላ አየቻት። «እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

እንቁም ነገረቻት። አባቷ ደጉ ስመ ጥር ፈረሰኛ ነበር። አምና ለጥር ሃያ ሦስት የፈረሰኞች በዓል ሜዳው ላይ ሲለማመድ የቦራ እግር ጉድጓድ ውስጥ ገባና አብረው ወደቁ። ቦራ ተነሣ፤ አባቷ ግን አልተነሣም። የቀብሩ ዕለት እንደ ሰፈራቸው ወግ ቦራ ባዶ ኮርቻ ተጭኖ፣ ግላሱን ለብሶ፣ በለቀስተኛው መሀል ዞረ። ሰዉ ፈረሱን እያሞገሰ አለቀሰ። ልጓሙን ይዘው ያዞሩት የአባቷ የልጅነት ጓደኛ ጋሽ ቢሻው ነበሩ። ሙት ዓመቱ በሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ ያን ዕለትም ቦራ ተሸልሞ እንደገና ሊዞር ነበር።

የጠፋ ቀን ጎህ ሲቀድ እንቁ በመስኮት አይታ ነበር። አረንጓዴ ካፖርት የለበሰ ሰው ቦራን ይዞ ከግቢ ሲወጣ ከጀርባው አየችው። እናቷ ያን ሰዓት ኪዳን ልታደርስ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ነበር። እንቁ ምንም አልጠረጠረችም፤ አባቷ ከሞተ ጀምሮ ጋሽ ቢሻው እየመጡ ውኃ ያጠጡት ነበርና ተመልሳ ተኛች። ቦራ ግን አልተመለሰም። ሲጠይቋት «ጋሽ ቢሻውን አይቻለሁ» አለች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጇ ወጣ። የቀበሌው ፈረሰኞች ቢሻውን ከመሀላቸው አገለሏቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ ሽማግሌዎች ፊት ቆመው እንዲምሉ ተወሰነባቸው። ስልሳ ዓመት በቃላቸው ብቻ ሲታመኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ማሉ ከተባሉ ጥፋተኛ ባይሆኑም ሰው ቀና ብሎ አያያቸውም።

«ትናንት መንገድ ላይ አገኙኝ» አለች እንቁ። «ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ "እንደምን ዋልሽ፣ የደጉ ልጅ" ብለውኝ አለፉ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከእሑድ በፊት እርግጡን ማወቅ እፈልጋለሁ። ግን የምከፍለው የለኝም።»

«ድንች ስታወጡ ታመጭልኛለሽ» አለች ማናለብሽ ቦርሳዋን እያነሣች። «ተነሽ፣ ቤታችሁን ልየው።»

እቤት ሲደርሱ የእንቁ እናት እመቤት እንግዳዋን በወጉ ተቀብላ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ አቀረበችላት። ስለ ፈረሱ ስትጠየቅ ግን መልሷ አጭር ነበር፤ ስትመለስ እንዳጣችው ብቻ ተናግራ ወደ ጓዳ ገባች። ማናለብሽ ጋጣውን አየች፣ የተሰቀለውን ኮርቻ ዳሰሰች፣ ባዶውን የገብስ ቦታ ተመለከተች። ልትወጣ ስትል በሩ ጀርባ የተሰቀለው የደጉ ካፖርት ጋ ቆም አለች። እጅጌውን ይዛ ወደ ብርሃን ጎተት አደረገችው፤ ከዚያም ጎንበስ ብላ ጫፉን አየች። ካፖርቱ የት እንደተገዛ ጠየቀች። አባቷና ጋሽ ቢሻው በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅ፣ አንድ ዓይነት አረንጓዴ እንደገዙ እንቁ እየሳቀች ነገረቻት። ከሳቀች ዓመት ሊሆናት ነበር።

«ነገ ጠዋት ዳንግላ እንሄዳለን» አለች ማናለብሽ ውጭ ሲወጡ።

«ፈረሰኞቹ እኮ ዳንግላ ላይ ፈልገዋል። ጥሊሊም፣ ግምጃ ቤት ከተማም ሄደዋል።»

«ይሁን። እኛም እንሂድ።»

ቅዳሜ ማለዳ ሚኒባስ ተሳፈሩ። አዲስ ቅዳም ከተማን እንዳለፉ ማናለብሽ በመስኮቱ እያየች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መናገር ጀመረች። ሌባ ለመሸጥ ቢሆን መጀመሪያ የሚያነሣው ኮርቻውን ነው አለቻት፤ ያጌጠ ኮርቻ ለመሸጥም ለመደበቅም ከፈረስ ይቀላል። ይኼኛው ግን ጌጡን ንቆ ቀለቡን ተሸከመ። ስለዚህ የወሰደው ሰው ፈረሱ እንዳይራብ የሚያስብ፣ ተሸልሞ እንዲታይ ግን የማይፈልግ ነው።

«እንዲህ ያለ ሰው ፈረስ የት ይደብቃል?» አለች እንቁ።

«ፈረሰኛ ዓይቶ የማያይበት ቦታ።»

ጋሪ በሚበዛባት ዳንግላ፣ የጋሪ ማቆሚያው ጋ ሲደርሱ እንቁ ነገሩ ገባት። የአዊ ፈረሰኛ የጋሪ ፈረስ ፊት አያይም፤ ለእሱ እቃ ማመላለሻ እንጂ ፈረስ አይደለም። ሰዎቹ ጥሊሊ ገበያ የእያንዳንዱን ፈረስ ጥርስ ሳይቀር ገልጠው አይተዋል፣ ግምጃ ቤት ጋጣ ለጋጣ ዞረዋል። ዳንግላ ላይ ግን በጋሪ ተሳፍረው ነበር ቦራን ሲፈልጉ የዋሉት።

ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ሽንኩርት ከጫነ ጋሪ ፊት ቆሞ አገኙት። ጥቁር ግንባሩ ላይ ያለው ነጭ ምልክት አልተለወጠም። እንቁ ስሙን ስትጠራው ጆሮውን አቀና፤ ስትጠጋው አፍንጫውን ደረቷ ላይ አስደግፎ ተነፈሰ። አባቷ በበዓል ቀን ደረቱን ነፍቶ ይቀመጥበት የነበረው ፈረስ ሽንኩርት ይጎትታል። አንገቱን አቅፋ አለቀሰች፤ መንገደኛ ሁሉ እያያት መሆኑን ብታውቅም መተው አልቻለችም።

ባለጋሪው ሽመክት የሚባል ቀጭን ሰው ነው። መጀመሪያ ማናለብሽ ስትጠይቀው ከሩቅ ገበያ የገዛው እንደሆነ ሊያስረዳት ሞከረ። የልጅቷን ለቅሶ ሲያይ ግን ባርኔጣውን አወለቀና እውነቱን ተናገረ። ፈረሱን በነጻ የሰጠችው አንዲት ሴት ናት። ገበያ ላይ አግኝታው ተነጋገሩ፤ በተባባሉት ቀን ጎህ ሲቀድ ከእንጅባራ መውጫ ጠብቆ ከእጇ ተረከበ። ትልቅ የወንድ ካፖርት ለብሳ ነበር፣ አረንጓዴ። ያስገባችው ቃል ሁለት ብቻ ነው፦ ማታ ማታ ገብስ እንዲበላና ማንም እንዳይጋልበው።

የእንቁ እንባ ቀጥ አለ። ማናለብሽን ዞር ብላ አየቻት።

«ታውቂ ነበር?»

«እጅጌው ላይ የፈረስ ፀጉር ነበር፤ ጫፉም ጭቃ ነክቶታል» አለች ማናለብሽ። «ዓመት ሙሉ ተሰቅሎ የዋለ ካፖርት ጭቃ ከየት ያመጣል? ትናንት ልነግርሽ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ፈረሱን ሳታዪ እናትሽን እንድትጠይቂ አልፈለግኩም።»

«አሁን ምን ላድርግ?»

ማናለብሽ ከቦርሳዋ መሐረብ አውጥታ ሰጠቻት። ከዚያ ፈልጊ እንደተባለች፣ እንዳገኘች፣ ከዚህ በኋላ ያለው የእሷ ሥራ እንዳልሆነ በቀስታ ነገረቻት። ፖሊስ ሳለች አንድ ጊዜ ያገኘችውን እውነት ለሰው ፊት ተጣድፋ እንዳወጣችና የአንድ ቤተሰብ ምድጃ እንደቀዘቀዘ፣ እስከ ዛሬም በዚያ ሰፈር እንደማታልፍ ነገረቻት። ቦራን ሽመክት ጋ ትተው ወደ እንጅባራ ተመለሱ።

እንቁ ቤት ስትገባ እናቷ ድንች እየላጠች ነበር።

«ቦራን አየሁት» አለቻት።

የእመቤት ቢላዋ ቆመ። ቀናም አላለች።

«ገብሱን ይሰጠዋል?»

«ይሰጠዋል። እማ፣ ለምን?»

«አምና ቢሻው ኮርቻ ጭኖ ሲያዞረው፣ ሰው ሁሉ ሲያሞግሰው፣ ለእኔ የታየኝ አባትሽ ከሥሩ ሆኖ ነው። ጥፋት የለበትም አሉኝ። እኔም የለበትም አልኩ፤ እንስሳ ምን ያውቃል? ዓመት ሙሉ በእጄ አበላሁት። ግን ሁለተኛ ተሸልሞ፣ እልል ተብሎለት ማየቱን አልቻልኩም። እንዳልሸጠው አባትሽ ይወደዋል። ለዘመድ እንዳልሰጠው ለሙት ዓመቱ ይዞት ይመጣል።» እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «እኔን እሺ ብሎ አይከተለኝም ብዬ ነው ካፖርቱን የለበስኩት። እሱ የመጣ መስሎት፣ እጅጌዬን እያሸተተ፣ እስከ አስፋልቱ ድረስ ዝም ብሎ ተከተለኝ።»

እንቁ አጠገቧ ቁጭ አለች። ልትቆጣ መጥታ ነበር፤ ቁጣው የት እንደሄደ አታውቅም።

«ጋሽ ቢሻውስ?»

«አንቺ ስሙን ስትጠሪ ደነገጥኩ። ነገ እናገራለሁ አልኩ። በማግስቱም ነገ አልኩ። እያደር አፌ ተቆለፈ።» እመቤት የልጇን እጅ ያዘች። «ሰው ምን ይለኛል፣ እንቁ? የባሏን ፈረስ ለጋሪ የሰጠች ይሉኛል።»

እንደሚሏት እንቁም ታውቃለች። ዝም ብትል ነገ ጋሽ ቢሻው ይምላሉ፤ ሁሉን ብትናገር እናቷ ከእንግዲህ በዚህ ሰፈር ቀና ብላ አትሄድም። ድንቹን አንድ በአንድ እያነሣች ውኃ ውስጥ ስትጨምር ቆየች። የመጨረሻውን ስትጨምር ተነሥታ ካፖርቱን ከበሩ ጀርባ አወረደችና ለበሰችው። አባቷን አባቷን ይሸታል፣ ትንሽም ቦራን። እናቷ አየቻት እንጂ የት እንደምትሄድ አልጠየቀቻትም።

ጋሽ ቢሻው ቤት ሩቅ አይደለም። በሩን የከፈቱላት እሳቸው ናቸው፤ ያንኑ አረንጓዴ ካፖርት ለብሰዋል። የእሳቸው ክርኑ ላይ ተጥፏል።

«ጋሽ ቢሻው፣ ያን ቀን ፊት አላየሁም» አለች እንቁ። «ያየሁት ካፖርት ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

ቢሻው የለበሰችውን ከላይ እስከ ታች አዩት። እጃቸውን ዘርግተው እጅጌዋ ላይ የቀረች አንዲት ጥቁር ፀጉር አነሡ፤ በሁለት ጣታቸው ይዘው አዩዋት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ማን እንደወሰደው አልጠየቋትም፤ የት እንዳለም አልጠየቁም።

«ገብስ ይበላል?»

«ማታ ማታ ይበላል።»

«እንግዲህ ይብላ» አሉ። ቀጥለውም እናቷን ሰው ፊት እንዳታቆማት፣ የሚምሉት እውነት ስለሆነ መሐላው እንደማይጎዳቸው፣ ነገ ምለው እንደሚገላገሉ ነገሯት።

«አይምሉም» አለች እንቁ። «ስምዎን የጠራሁት እኔ ነኝ። ነገ ቀድሜ እቆምና ፊት አላየሁም እላለሁ። ሌላውን እናቴ ስትችል ትናገራለች።»

«ይቆጡሻል። ይስቁብሻልም።»

«ይሳቁ። ከቅዳሴ ስንወጣ በሩ ጋ እጠብቅዎታለሁ፤ አብረን ወደ ሽማግሌዎቹ እንሄዳለን።»

ቢሻው ጎንበስ አሉና የረዘመባትን እጅጌ ሁለት ጊዜ አጠፉላት።