ኦንዴ የወጣችበት እሁድ

«አራት መቶ አስራ… አትንቀሳቀሺ በናትሽ! አራት መቶ አስራ ሁለት።»

ኦንዴ ግን ትእዛዝ የምትሰማ ዓይነት አልነበረችም። ከፕላስቲክ ሳህኑ ጭንቅላቷን ብቅ አድርጋ የዱቄት ሚዛኑን ቁልፎች በምላሷ መዳሰስ ስትጀምር ቁጥሩ ከፍ ዝቅ አለ። ይህኔ የላራስ እናት የነጠላ ጫማ ድምፅ ከጓሮ በኩል ተሰማ። ላራስ ሚዛኑን ልደብቅ ወይስ እባቧን ስትል፣ ሁለቱንም ሳትደብቅ እናቷ በሩ ላይ ደረሰች።

«ላራስ።»

«አቤት እማ።»

«የኬክ ዱቄት የምለካበት ሚዛን ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ሳህን ነው።»

«ሳህኑ ውስጥስ?»

«…ኦንዴ ናት።»

«ስምንት ዓመት ያገለገለኝ ሚዛን! ደንበኞቼ ይህንን ቢሰሙ እንኳን ለሰርግ ለለቅሶ ቤትም ኬክ አያዙኝም።»

«ሳህኑ እኮ የራሷ ነው እማ። ሚዛኑንም አሁን እወለውለዋለሁ።»

እናቷ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ሳህኑን አየት አድርጋ መልሳ ዘጋችው። «ለመሆኑ ይቺ ነገር ለምንድን ነው እንዲህ አጥንቷ የገጠጠው?»

ጥያቄው ተገቢ ነበር። ኦንዴ ብዙ የማያድግ የዘንዶ ዘር ናት። ስትፈራ ጭንቅላቷን ውስጥ ደብቃ እንደ ኳስ ትጠቀለላለች፤ ስሟንም ያገኘችው የላራስ እናት ከምትጠብሰው፣ ሰሊጥ ከሚነሰነስበት ድቡልቡል ጣፋጭ ነው። በእሷ ዕድሜ ያሉ እባቦች ጀርባቸው ክብ ነው። የኦንዴ ግን መሃሉ ሾሎ ግራና ቀኙ እንደ ቤት ጣሪያ አዘቅዝቋል። የቀድሞ ባለቤቷ ክፍል ተከራይቶ የሚማር ወጣት ነበር። ትምህርቱን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ ቴሌቪዥኑንና ጊታሩን ጭኖ እሷን ከነሳጥኗ አልጋ ስር ትቷት ሄደ። አከራይዋ ክፍሉን ስትጠርግ ያገኘቻት ዕለት የጮኸችው ጩኸት እስከ ገበያው ተሰምቷል ይባላል።

ሳጥኑን ተሸክመው ያወጡት ፓክ ዳርሞ ናቸው። ፓክ ዳርሞ (ፓክ እንደ «ጋሼ» ነው) ከሰፈሩ ዋርካ ስር ፀጉር ያስተካክላሉ፤ የማላንግ ከተማ እባብ አርቢዎችም ሽማግሌ ናቸው። አስራ አምስት ዓመት የሞላት ላራስ አምስት ወር ሙሉ እሁድ እሁድ እየተመላለሰች ስትጨቀጭቃቸው ኖራ በመጨረሻ እጃቸውን ሰጧት።

«ስጦታ አይደለም፣ አደራ ነው» አሏት ኦንዴን ሲያስረክቧት። «ስድስት መቶ ግራም ስትሞላ ያንቺ ትሆናለች። እየከሳች ከሄደች ግን ትመለሳለች። በየጊዜው የምትጽፊውን ደብተር እያመጣሽ ታሳዪኛለሽ። ደግሞ ከበላች በኋላ ሦስት ቀን ማንም አይነካትም። አንቺም ብትሆኚ፣ ከንቲባውም ቢመጡ!»

ችግሩ ኦንዴ ለመብላት አሻፈረኝ ማለቷ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ አፏን አልከፈተችም። ያን ዕለት፣ አርብ አመሻሽ ላይ፣ ላራስ ከፓክ ዳርሞ ያመጣችውን ሙት አይጥ ለብ ባለ ውሃ አሙቃ በረጅም ወረንጦ አቀረበችላት። አይጥ በቤታቸው ማቀዝቀዣ አያድርም፤ በዚህ ነገር እናቷ ድርድር አታውቅም። ኦንዴ ምላሷን አወጣች፣ አስገባች። ላራስ ክንዷ እስኪዝል ጠበቀች። ድንገት ኦንዴ አንገቷን ሰበሰበችና አይጡን ከወረንጦው ላይ ቀማቻት።

ላራስ አልጮኸችም። እየዘለለች በረንዳውን ሁለት ጊዜ ዞረችው፤ ከዚያ ለጓደኛዋ ለኪናን ደወለች።

«በላች! ኪናን፣ በላች!»

«ውሸትሽን ነው!»

«እውነቴን ነው። ጭራው ብቻ ነው የቀረው።»

«በቃ እሁድ ይዘሻት ነይ። አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ስሚኝ! ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሉሽ ታውቂያለሽ? የላራስ እባብ እንደ ጅኒ ነው፣ ሲወራለት እንጂ ሲታይ አልታየም ይላሉ። ሁሉም ይመጣሉ፣ ነግሬያቸዋለሁ።»

እሁድ እሁድ የኢጄን ጎዳና ለመኪና ይዘጋል። እባብ አርቢዎችም ጠዋት ጠዋት እዚያ ተሰብስበው እንስሶቻቸውን ለሰው ያሳያሉ። ኦንዴን እዚያ የማሳየት ሕልም ላራስን እንቅልፍ ሲነሳት ከርሟል። አርብ፣ ቅዳሜ፣ እሁድ ብላ በጣቷ ቆጠረች። አርብም እሁድም ሙሉ ቀን ሆነው ከተቆጠሩ ሦስት ናቸው። እንዲህ ያለ አቆጣጠር ማንንም እንደማያታልል ታውቀዋለች፤ ቢሆንም ቆጠረችው። ፓክ ዳርሞ ደግሞ የዚያን እሁድ የእህታቸው ልጅ ሰርግ ላይ ነበሩ።

ሐምሌ በማላንግ ብርድ ነው። ገና ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ የሰው እስትንፋስ እየጨሰ ሳለ፣ ኦንዴ ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ዞረች። የክፍል ልጆች ሁሉ ፎቶ ተነሱ። አንዱ አንገቱ ላይ አደረጋት፤ ሌላዋ ጮኻ አይኗን ጨፈነች፣ ደግማም ጠየቀች። ኪናን ቪዲዮ ስትቀርጽ «በሉ አሁንም ጅኒ በሏት!» እያለች ትስቅ ነበር። ላራስም ሳቀች። እንዲያ ደስ ያላት ቀን ብዙ የለም። ኦንዴ ግን መጨረሻ ላይ ኳስ ሆና አልፈታ አለች።

አመሻሹ ላይ ከሳጥኑ ክፉ ሽታ መጣ። ላራስ ክዳኑን ስታነሳ አይጡ እርጥብ ወረቀቱ ላይ ወድቋል፣ ኦንዴም ጥግ ይዛ አፏን በከፊል ከፍታ ተኝታለች። ሦስት ሳምንት የተጠበቀው ምግብ እንደገባ ወጣ። በነጋታው ሚዛኑ ሦስት መቶ ዘጠና ስምንት አለ።

«ለፓክ ዳርሞ አስመለሳት ብቻ በያቸው» አለች ኪናን በእረፍት ሰዓት። ፊቷ ተለውጧል። «እባብ ዝም ብሎም ያስመልሰዋል። ቪዲዮውን አጥፍቼዋለሁ። ካወቁ ይወስዱብሻል።»

ላራስ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ቤት ደርሳ ኦንዴን በጨርቅ ከረጢት አድርጋ፣ ከረጢቱን ከሹራቧ ስር አቅፋ ወደ ዋርካው ሄደች።

ፓክ ዳርሞ ወንበሩ ላይ አንድ ወፍራም ሰውዬ አስቀምጠው ጢሙን ይላጩ ነበር። ግማሽ ፊቱ አረፋ ነው። መላጫውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን ታጥበው ከረጢቱን ፈቱ፤ የኦንዴን ሆድ በአውራ ጣታቸው ቀስ ብለው ዳሰሱ፣ አፏን አዩ።

«መቼ ነው ያስመለሳት?»

«ትናንት።»

«ነክተሻት ነበር?»

«አልነካኋትም።»

«የሚያሞቃት አምፖል ጠፍቶ ነበር?»

«አልጠፋም። ዝም ብሎ ነው ያስመለሳት።»

ፓክ ዳርሞ የኦንዴን ሆድ ደግመው ዳሰሱ። «ያለ ምክንያት ከሆነ ነገሩ ከውስጥ ነው ማለት ነው» አሉ በመጨረሻ። «እንዲህ ያለ በሽታ አይቻለሁ፣ ከሦስቱ አንዷ ነች የተረፈችው። ነገ ሥራዬን ትቼ ሐኪም ዘንድ እወስዳታለሁ። በቱቦ ሆዷን አጥበው መድኃኒት ይሰጧታል። በዚህ ክሳቷ ትችለው እንደሆን እንጃ፤ ግን ሌላ ምን ይደረጋል? እኔ ጋ ትደር።»

ላራስ ባዶ ከረጢቷን ይዛ ሄደች። ባክሶ የተባለ የሥጋ ሾርባ የሚሸጠውን ሰው ጋሪ አለፈች፣ መስጊዱን አለፈች፣ ድልድዩ ላይ ስትደርስ ቆመች። ያ ቱቦ በዚያች ቀጭን አንገት ሲገባ ታያት። ኦንዴ ሆዷ አልታመመም። የታመመችው በላራስ አፍ ነው፤ ሐኪሙም ነገ የሚያክመው የላራስን ውሸት ነው። ፓክ ዳርሞ እውነቱን ከሰሙ ኦንዴን አይመልሱላትም፤ ካልሰሙ ደግሞ ኦንዴ ላትተርፍ ትችላለች። አለቀሰች። ፊቷን በሹራቧ እጅጌ ጠርጋ ተመልሳ ሮጠች።

«ፓክ ዳርሞ፣ ዋሽቼዎት ነው!»

መላጫው ሰውዬው ጉንጭ ላይ ቆመ።

«እኔ ነኝ። ትናንት ጠዋት ኢጄን ወስጃት ነበር። በብርድ። አርብ ማታ ነው የበላችው፤ ብዙ ሰው ያዛት። ቢወስዱብኝም ይውሰዱብኝ፣ ብቻ ቱቦውን አያስገቡባት።»

ወፍራሙ ሰውዬ አይኑን ወደላይ አድርጎ ፓክ ዳርሞን አየ። «ፓክ፣ ተናደው ከሆነ መጀመሪያ መላጫውን ያስቀምጡልኝ።»

ፓክ ዳርሞ አልሳቁም። ጉንጩን ላጩ፣ አገጩን ላጩ፣ ፎጣውን አራገፉ። ላራስ ያን ያህል ዘገምተኛ መላጨት አይታ አታውቅም። ከዚያ ከመሳቢያው እስክሪብቶ አወጡና ዘረጉላት።

«ደብተርሽን ይዘሻል?»

«አዎ።»

«ጻፊው።»

ላራስ ወንበሩ ጠርዝ ላይ ደብተሯን አስደግፋ «እሁድ፦ አወጣኋት» ብላ ጻፈች።

«ትናንትና ይህን ብትይኝ ኖሮ ዛሬ ሙቀት ውስጥ ነበረች» አሉ ፓክ ዳርሞ። ተቀይመዋል፣ ቅያሜአቸውንም አልደበቁም። ደብተሩን ተቀብለው አነበቡና መለሱላት። «እንግዲህ በሽታ ካልሆነ ብርድና ፍርሃት ነው። እሱ ቱቦ አይፈልግም። አስራ አራት ቀን ምግብ የለም። ሙቀት፣ ጨለማ፣ ንጹሕ ውሃ። ከዚያ ያውራ ጣትሽን የምታክል የአይጥ ግልገል፣ አንድ ብቻ። እንድትወፍር ብለሽ ሁለት እንዳትሰጫት! ደግሞ ካስመለሳት፣ ያኔ ሐኪም ነው።»

ላራስ የሰማችውን አላመነችም። «እኔ… እኔ ነኝ የምሰጣት?»

«እኔ ልስጣት እንዴ? ስንት ጢም እየጠበቀኝ!»

አስራ አራቱ ቀናት ረጅም ነበሩ። ላራስ ቴርሞሜትሩን ጠዋትና ማታ አየች፤ የሳጥኑን አንድ ጎን በአሮጌ ብርድ ልብስ ሸፈነች። ኦንዴ የምትደበቅበት ብላ የተሰነጠቀ የሸክላ ማሰሮ ደፍታ አስገባችላት። እናቷ ለሊጥ ማስነሻ የምትጠቀምበትን ወፍራም ጨርቅ ሳትጠየቅ አምጥታ ሳጥኑ ላይ ጣል አደረገችና «ለሊጥ የሚሆን ሙቀት ለሷም አያንሳትም» ብላ ሄደች። ላራስ ከኋላዋ አቅፋት ዱቄት በዱቄት ሆነች።

በአስራ አምስተኛው ቀን ኦንዴ የአይጧን ግልገል በአንድ ጉርሻ ወሰደቻት። አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለት፣ ሦስት። ምንም አልወጣም። ከሳምንት በኋላ ሌላ አንድ፣ ከዚያም ከፍ ያለ። አራት መቶ ሦስት። አራት መቶ አስራ ዘጠኝ። አራት መቶ አርባ አራት። እንደ ጣሪያ የሾለው ጀርባዋ በጥቂቱ መለዘብ ጀመረ። እናቷ አሁን ሚዛኑን ራሷ ጠረጴዛ ላይ ታወጣለች። «የዛሬውን እኔ ላንብበው፣ አንቺ አይንሽ ለቁጥር ይቸኩላል፤ የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል» ትላለች። ፓክ ዳርሞ ደብተሩን በየቅዳሜው ያያሉ፤ ብዙ ባያወሩም ሻይ ማቅረብ ጀምረዋል።

የአገሪቱ የነፃነት በዓል ሰልፍ በነሐሴ የመጨረሻ እሁድ ላይ ዋለ። ኪናን ጉንጯን በባንዲራው ቀለም፣ በቀይና በነጭ፣ ተቀብታ በር ላይ ቆመች። ከዚያ ሰኞ ወዲህ ስለ እባብ አፏን አልከፈተችም ነበር፤ ዛሬ ግን አልቻለችም።

«ሁሉም አርቢዎች ይወጣሉ። ልጆቹም የት አለች እያሉ ነው። አሁን እኮ ወፍራለች፣ አይደል?»

«አራት መቶ ሰባ ሁለት ናት።»

«ታዲያ! መቼ ነው የበላችው?»

«ሐሙስ ማታ።»

ኪናን በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ሐሙስ፣ አርብ… ላራስ ጣቶቿን ስታይ ያ የራሷ አቆጣጠር ትዝ አላት። ኪናንም የላራስን ፊት አይታ እጇን ወደ ኪሷ መለሰች።

«ይቅርታ» አለች ኪናን ዝቅ ባለ ድምፅ። «ያኔም እኔ ነኝ ያነሳሳሁሽ።»

«ያወጣኋት እኔ ነኝ።»

ከትልቁ መንገድ የከበሮ ድምፅ መምጣት ጀመረ። ላራስ ወደ ሳጥኑ ሄዳ የጨርቁን ጫፍ ገለጥ አደረገች። ኦንዴ ከተደፋው ማሰሮ ስር ክብ ሠርታ ተኝታለች፤ መሃሏ ላይ ትንሽ ጉብታ አለ። ጨርቁን መልሳ ሸፈነችው። ከዚያ ደብተሯን ከፍታ፣ ገና ከጠዋቱ ቢሆንም የዕለቱን ጻፈች፦ «እሁድ፦ አልወጣችም።»

«ጫማዬን ላድርግ» አለች። «ሰልፉ ሊያመልጠን ነው።»