ያልጠቆሩት ክቦች

«ይሄ ምንድን ነው ሳያት? በምራቅ ነው እንዴ ያጠቆርሽው?»

የሳይንስ መምህሯ ቲቸር ጽጌሬዳ የሞዴል ፈተናውን የመልስ ወረቀት ወደ መስኮቱ አዙራ አየችው። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ሳያት በገነች፤ ክቦቹን ያጠቆረችው ጣቷን እስኪያማት ተጭና ነው። ወረቀቱ ሳይቀር ተቧጭሯል።

«እስቲ እርሳስሽን አምጪው።»

ቲቸር በሳያት እርሳስና በራሷ እርሳስ አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አሰመረች። የእሷ መስመር ጥቁር ነው፤ የሳያት ግን አመድ መሰለ። «በእንጨቱ መሃል ያለው ግራፋይትና ሸክላ ተደባልቆ የተጋገረ ነው» አለች። «የሚያጠቁረው ግራፋይቱ ነው። ሸክላው ሲበዛ እርሳሱ ይጠነክራል፣ ጽሑፉም ይገረጣል። ላዩ ላይ ለፈተና የሚታዘዘው ኤች ቢ ነው ቢልም ይሄ ኤች ቢ አይደለም። መልሱን የሚያርመው ማሽን ደግሞ በደንብ የጠቆረ ካላየ፣ ባዶ ነው የተውሽው ብሎ ያልፍሻል። ከየት ነው የገዛሽው?»

«ከቤት ነው» አለች ሳያት።

ጓደኛዋ ሳምሪ በክርኗ ጎሰም አደረገቻት። «የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ ልጅ ሆነሽ! ሼም ነው እኮ!»

ሳያት አልሳቀችም። አረንጓዴ እርሳሷን እያየች ክው ብላ ቀረች። አባቷ አምና ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ለተዘጋጁት ሃያ ሦስት የቤተ ክርስቲያናቸው ልጆች በሙሉ እርሳስ ያደለው ይሄኛው ከወጣበት ካርቶን ነበር። ወንድሟ ክብሩ ከእነሱ አንዱ ነው።

ክብሩ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ደረጃ ሳይወጣ የቀረበት ጊዜ የለም። የፈተናው ውጤት ሲመጣ ግን ከስድስት መቶው ዘጠና አራት ብቻ! «አባዬ እመነኝ፣ በደንብ ሠርቻለሁ» ቢል ማን ይስማው? «ስልክህን ስትጎረጉር ከርመህ ደግሞ ትዋሸኛለህ?» ብሎ አባቱ በጎረቤት ፊት በጥፊ አጮለው። «እኔ ዋሾ ልጅ የለኝም» አለው። ክብሩ በማግስቱ ልብሱን በፌስታል ይዞ ወጣ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ቱላ የሚባል ሰፈር ብሎኬት ያመርታል። እቤት ስሙ አይነሳም። በዚያ ዓመት ከቤተ ክርስቲያኑ ልጆች አንድም አላለፈም፤ ግን ተማሪ በየቦታው በወደቀበት ዓመት ማን እርሳስ ይጠረጥራል?

ከትምህርት ቤት እንደወጣች ደወለችለት።

«ክብሩ፣ ያኔ በየትኛው እርሳስ ነው ያጠቆርከው?»

«በአባዬ ነዋ። ምነው?»

ሁሉንም ነገረችው። ከጀርባው የብሎኬት ማሽኑ ይጮኻል። «ተይው ሳዪ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ብሎ ዘጋው።

አባቷ አቶ ዓለማየሁ ታቦር ሰፈር ያለው ሱቁ ውስጥ ደብተር ሲደረድር አገኘችው። የመልስ ወረቀቷን ፊቱ ዘርግታ ቲቸር ያለችውን ስትነግረው መጀመሪያ እሳት ጎረሰ። «ሃያ ዓመት እርሳስ ሸጬ ዛሬ አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?» ከዚያ ግን አረንጓዴውን እርሳስ ተቀብሎ አንድ ክብ አጠቆረ። ደግሞ አጠቆረ። ከሌላ ፓኬት ሌላ እርሳስ አውጥቶ ከጎኑ ሞከረ። የሁለተኛው ጥቁር ሆኖ ወጣ።

«አላወቅኩም» አለ።

«እንዳላወቅክማ አውቃለሁ አባዬ። አሁን ለክብሩ ደውልለት።»

«እሁድ ለተፈታኞቹ የማድለውን እርሳስ እቀይረዋለሁ። ዘንድሮ ጥሩውን ነው የማድለው።»

«ለክብሩስ? ለሌሎቹስ ማን ይንገራቸው?»

«ሳያት!» ድምፁ ሰለለ። «እኔ እኮ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ። የሃያ ሦስት ልጆች እናቶች ፊቴ ሲቆሙ ምን እላቸዋለሁ? የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ይሄ ነገር ከዚህ ሱቅ እንዳይወጣ፤ ሆድ ይፍጀው።»

አሳዘናት። እንዲህ አንገቱን ደፍቶ ሲለምን አይታው አታውቅም። ግን ደግሞ ጠላችው፤ አባቷን መጥላቷ ራሱ አስፈራት። ወረቀቷን ይዛ ወጣች።

እሁድ አባቷ እንዳለው አደረገ። ዘንድሮ የሚፈተኑት ሁሉ ወደ ፊት ወጡ፣ ለእያንዳንዳቸውም አዲስና በደንብ የሚያጠቁር እርሳስ ሰጣቸው። የስምንተኛ ክፍል ፈተና የሚጠብቃቸው ሳያትና ሳምሪም እርሳሳቸውን ከፍ አድርገው ቆሙ። ፓስተሩ እጁን ዘርግቶ መጸለይ ጀመረ።

«ጌታ ሆይ፣ አምና በልጆቻችን ላይ የነበረውን የስንፍና መንፈስ አርቅልን!»

«አሜን!» አለ ጉባኤው። አባቷም «አሜን» አለ። አጠገቧ ስለነበር ሳያት በደንብ ሰማችው።

ከመዘምራኑ መሃል ጫልቱ አንገቷን ስትደፋ አየቻት። ጫልቱ አምና ከክብሩ ጋር ተፈትና የወደቀች ናት፤ ከዚያ ወዲህ ድጋሚ ተፈተኚ ቢሏትም «እኔ ጭንቅላቴ አይቀበልም» ብላ ደብተሮቿን አቃጥላለች። ሳያት «የዘንድሮዎቹ ተርፈዋል፣ ይበቃል» ብላ ራሷን ልታጽናና ሞከረች። አልሆነላትም። ሃያ ሦስት ሰው ሰነፍ ነኝ ብሎ አምኖ እየኖረ ምኑ ነው የሚበቃው?

ጸሎቱ ሲያበቃ ፓስተሩ ማይክራፎኑን ወደ ተማሪዎቹ ዘረጋ። «ከእናንተ የሚመሰክር አለ?»

ሳያት እጇን አወጣች።

«አንቺ? ማይክ የምትፈሪው?» አለች ሳምሪ በሹክሹክታ።

አባቷ አያት። ምን ልትል እንደሆነ ገብቶታል። ሰው በማያስተውለው ሁኔታ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ሳያት እንባዋ መጣ፤ ቢሆንም ማይክራፎኑን ተቀበለች።

«የምመሰክረው ስለ ወንድሜ ስለ ክብሩ ነው» አለች። «ክብሩ አልዋሸም። ጫልቱም ሰነፍ አይደለችም። አምና የወደቁት ሁሉ አጥንተው ነበር። የማያጠቁር እርሳስ የሰጠናቸው እኛ ነን።»