የዘይት ፓምፑ ሞላ

ኮልቢ ረስክን ከውድድር መኪናው ሲያወጡት ከተመልካቹ አንድም ሰው ወደ ቤቱ አልሄደም። ሁሉም ኮፍያውን አውልቆ፣ የቅዳሜ ከሰዓት ፀሐይ አናቱን እየጠበሰው ቆሟል። ያዩት ነገር አጭር ነበር። መኪናው በሙሉ ፍጥነት ሲበር የኋላ ጎማዎቹ በድንገት ቀጥ አሉ፤ እንደ እንዝርት ዞረና በአሽከርካሪው በኩል ግንቡን መታ። በቃ።

የአውራጃው መርማሪ ቬርና ቲልማን ስትደርስ ሽማግሌው ሃርላን ረስክ ከቃሬዛው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጦ የልጁን ጓንት ጣት በጣት ያወልቃል። ቀና ብሎ አላያትም።

«እጁን ይሞቀዋል» አለ። «ሁልጊዜ ጓንት ሲያጠልቅ እጁን ይሞቀዋል።»

ቬርና ቀስ ብላ ትከሻውን ነካ አድርጋው አለፈች። ሃምሳን የተሻገረች፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። በዚያ አገር ልጅ ከመራመዱ በፊት መፍቻ ይጨብጣል፤ እሷም የመካኒክ ልጅ ነበረች። የውድድሩ ቴክኒክ ተቆጣጣሪ ከተጨማደደው መኪና ሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ እያበሰ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«ሞተሩን የሰበረው ግጭቱ አይደለም፤ ግጭቱን ያመጣው ሞተሩ ነው። ዘይት አጥቶ ነከሰ፣ ብረት ከብረት ተጣብቆ ቆመ። ዘይት ደግሞ አልፈሰሰም፣ ሞልቶ አለ።»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

«ፓምፑ አላደረሰውማ። አንድ ሰው ነካክቶታል፣ ቬርና።»

በማግስቱ ፓምፑ ተፈታ። ብረቱ አዲስ፣ ጥርሶቹ ንጹሕ ናቸው። ችግሩ የተገኘው በጎኑ ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ውስጥ ነው። እዚያ ውስጥ የዘይቱን ግፊት የምትወስን አንዲት ሞላ፣ ጥምዝምዝ የብረት ሽቦ፣ ትቀመጣለች። ለውድድር ሞተር ጠንካራዋ ትገባለች። አሁን ግን የተገኘችው ለቤት መኪና የምትሆነው ለስላሳዋ ናት። ቀስ ብሎ ለሚሄድ መኪና ትበቃለች፤ ሞተሩ ሲግልና ሲጋልብ ግን ዘይቱን ከመግፋት ይልቅ መልሳ ትለቀዋለች።

ቬርና የቀረውንም አንድ በአንድ አየች። ኮፓው፣ ከሞተሩ ሥር ዘይቱን የሚይዘው ሳህን፣ ዘይት እንዳያፈስ በሚያሽግ አዲስ ጓርኒሲዮን ተገጥሟል፤ ብሎኖቹም እኩል ጠብቀዋል። በውጭ ከንፈሩ ላይ ልጆች ቅርጽ ከሚሠሩበት ጭቃ የቀረች አረንጓዴ ጭረት አለች፤ ገና ለስላሳ ናት። ከመሪው በላይ አንድ ትልቅ ቀይ አምፖል ተሰክቷል፤ እሱም አዲስ ነው። የዘይት ግፊት ሲቀንስ የሚበራ አምፖል ነው። ሽቦው ግን ተነቅሎ ጫፉ በሰማያዊ ፕላስተር በጥንቃቄ ተጠቅልሏል።

ከተማው ግን ገዳዩን አግኝቶ ጨርሷል። ሌላው ተወዳዳሪ ራንዳል ፕሩት ከሳምንት በፊት በሰው ፊት የኮልቢን ኮሌታ አንቆ «እገድልሃለሁ!» ሲል ያልሰማው የለም። ቬርና ራንዳልን ያገኘችው ከራሱ መኪና ኮፈን ላይ ተቀምጦ ነው። ዓይኑ ቀልቷል።

«በይ እሰሪኝ» አላት። «ሁሉም አስሮ ጨርሶኛል፤ አንቺ ብቻ ቀርተሻል።»

«አፍህን ተውና ለምን እንዳነቅከው ንገረኝ።»

«ሦስት ጊዜ ገጨኛ! ያውም እንደ ሰው ቢገጨኝ ጥሩ። ግራዬ ባዶ ሆኖ ሳለ ቀኜን ይገባብኛል። ሁለት ራንዳል የሚያይ ነው የሚመስለው። ‹ወይ ዓይንህን ታከም፣ ወይ እገድልሃለሁ› ነበር ያልኩት። የመጨረሻውን ብቻ ሰሙ።» ፊቱን በክንዱ ጠረገ። «አብረን ነው ያደግነው፣ ቬርና። የመጀመሪያ መኪናዬን የገፋልኝ እሱ ነው።»

የሬሳ መርማሪው ሐኪም በስልክ የነገራት ከዚህ ጋር ገጠመ። ኮልቢ ከቅዳሜው ግጭት በፊት ጭንቅላቱ ውስጥ የፈሰሰ የቆየ ደም ነበረበት። በዚህ የተነሳ ነገሮችን ሁለት ሁለት ሳያይ አልቀረም።

የረስኮች ጋራዥ ከቤታቸው ጀርባ ነው። ታናሽ ወንድሙ ዌድ መሣሪያዎቹን እያወጣ ይወለውላል፤ ወልውሎ ይመልሳል፤ እንደገና ያወጣል።

«ዌድ፣ ባለፈው ሳምንት ይህን ሞተር ማን ፈታው?»

«ማንም፣ እትዬ ቬርና። በክረምት ነው የተገጠመው። ከዚያ ወዲህ ብሎን አልተነካም።»

«አዲሱን ቀይ አምፖልስ ማን አስገባው?»

ዌድ መፍቻውን ጣለውና ጎንበስ ብሎ አነሳው። «እኔ እንጃ። አባዬ መስሎኝ።»

«ቤታችሁ ውስጥ የዘይቱን ነገር የሚያውቅ ማነው?»

«እማዬ ናታ።» ለአፍታ ፈገግ ሊል ምንም አልቀረውም። «አባዬ ብረቱን ይሠራል፤ ዘይቱ የእሷ ነው። የዘይት መምጠጫው ቱቦ አፍ ከኮፓው ወለል ምን ያህል እንደሚርቅ አባዬ በማስመሪያ ይለካል፣ እኔ በዓይኔ እገምታለሁ፤ እሷ ጭቃ ለጥፋ፣ ገጥማ፣ ፈትታ፣ ጭቃው ምን ያህል እንደተጫነ ታያለች። ስንቴ ሳቅንባት መሰለሽ… መሰለዎት።»

ቬርና ወደ ወጥ ቤቱ ገባች። ናዲን ረስክ ጎረቤት ያመጣው ምግብ በተደረደረበት ጠረጴዛ ፊት ተቀምጣለች። ከአንዱም አልቀመሰችም።

«ስለ ፓምፑ ልጠይቅሽ ነው ናዲን፤ ከቻልሽ።»

«ጠይቂ።»

«ለምን ትልቁን አልመረጣችሁም? ሌሎቹ ሁሉ ትልቁን ነው የሚገጥሙት።»

በናዲን ፊት ላይ የሕይወት ጭላንጭል ታየ። «ሃርላንም እንደዚያ ይላል። ሰው ትልቅ ፓምፕ የሁሉ መድኃኒት ይመስለዋል። ኮፓውን ሳታሰፊ ትልቅ ፓምፕ ብትገጥሚ፣ ሞተሩ ሲጋልብ ዘይቱን ሁሉ ወደ ላይ ይወስድና ታች ባዶ ያደርገዋል። ከዚያ የሚመጥጠው አየር ነው። ደግሞ ለማዞር የሚያስፈልገው ጉልበት ከሞተሩ ይሰረቃል። ፓምፕ በጉራ አይመረጥም። መጀመሪያ ሞተሩን መጠየቅ ነው፦ ስንት ትጠጣለህ? ልከኛውን ፓምፕ ከጠንካራ ሞላ ጋር፤ ለኮልቢ የመረጥኩት እሱን ነው።»

«ኮልቢ ያመው ነበር?»

ናዲን እጆቿን ከጠረጴዛው ሥር አስገባች። «የማያመው ማን አለ» አለች።

ቬርና ወጥታ መኪናዋ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተቀመጠች። ያወቀችውን ባታውቀው በወደደች። ሆኖም አንዳቸው ለብቻው ይዞት ከሚሞት ሁሉም በአንድ ላይ ቢሰሙት ይሻላል ብላ አሰበች። ራንዳልንም ጠራችው፤ ስሙ መጽዳት ነበረበት።

ከቀብሩ በኋላ በነበረው ጠዋት ሦስቱ ረስኮችና ራንዳል ጋራዡ ውስጥ ተሰበሰቡ። የተፈታው ፓምፕ በመሥሪያ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«መጀመሪያ ራንዳል» አለች ቬርና። «ሞላውን ለመለወጥ ኮፓው መውረድ አለበት። ይህ በጥድፊያ ውድድር ሜዳ ላይ የሚሠራ አይደለም፤ እዚህ ጋራዥ ውስጥ፣ በእርጋታ ነው የተሠራው። ራንዳል ደግሞ ይህን ደጃፍ ከረገጠ ዓመት አልፎታል። ያስፈራራውም የኮልቢ ዓይን ስለታመመ ነው። ኮልቢ ነገሮችን ሁለት ሁለት ያይ ነበር።»

ሃርላን ዞር ብሎ ሚስቱን አያት። እሷ መሬት መሬቱን ታያለች።

«አሁን ሞላውን የለወጠውን ሰው ተመልከቱት። ሰው ሊገድል የመጣ አዲስ ጓርኒሲዮን አይገጥምም። የመምጠጫው አፍ በትክክል መግጠሙን አይለካም። ይህ ሰው ግን ሁሉንም አድርጓል። አልፎም አስጠንቃቂ አምፖል አስገብቷል፤ ያውም ግፊቱ ገና አደጋ ላይ ሳይደርስ እንዲበራ አድርጎ። የግፊቱ መለኪያ ጌጅ እያለ አምፖል ምን ያደርጋል? መልሱ አንድ ነው። አሽከርካሪው የጌጁን መርፌ ማንበብ እንደማይችል ያውቃል። ትልቅ ቀይ ብርሃን ግን ሁለትም ሆኖ ቢታየው ያየዋል። ገና ሞተሩን ሲያሟሙቅ ይበራል፣ መኪናውን ያቆማል፣ በብረቱ ይናደዳል፣ በሕይወት ወደ ቤቱ ይገባል። ይህ ሰው ኮልቢን ሊያድነው ነበር።»

«እኔ ነኝ» አለ ሃርላን። ድምፁ ጋራዡን ሞላው። «እኔ ነኝ የለወጥኩት። ጻፊው።»

«ጋሼ ሃርላን፣ የመምጠጫውን ርቀት በምን ለካኸው?»

«በማስመሪያ ነዋ! በምን ልለካ ኖሯል?»

ቬርና ኮፓውን አዙራ አረንጓዴዋን ጭረት አሳየችው። ሽማግሌው አያትና ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«ተው ሃርላን» አለች ናዲን። «አትሸከምልኝ። ይህ የእኔ ነው።»

ከዚያ ነገረቻቸው። አንድ ቀን ቁርስ ላይ ኮልቢ ወተቱን ከብርጭቆው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ቀዳው፤ ቀድቶም ሊጠጣ ባዶውን ብርጭቆ አነሳ። ያን ጊዜ ያዘችው። ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ አለቀሰችበት። እሱ ግን ቅዳሜ ከትልቁ የውድድር ሊግ ሰዎች ሊያዩት እንደሚመጡ፣ ከዚያች ውድድር በኋላ ሐኪም ዘንድ እንደሚሄድ ነገራት። ለአባቱና ለወንድሙ እንዳትናገር አስማላት።

«ብናገርበት ዕድሌን ነጠቅሽኝ ብሎ እስከ ዕድሜ ልኩ አያናግረኝም ብዬ ፈራሁ። እናንተ ጎማ ልታመጡ በሄዳችሁበት ቀን ነው የለወጥኩት። እኔ እምቢ ከምለው ሞተሩ እምቢ ይበለው ብዬ። አምፖሉ እንደሚሠራ ሁለት ጊዜ ሞከርኩት፣ ቬርና። ይሠራ ነበር። ለምን እንዳልበራ ነው የማይገባኝ። ከቅዳሜ ጀምሮ እሱን ብቻ ነው የማስበው።»

ቬርና ወደ ዌድ አላየችም። ራሱ እንዲናገረው ፈለገች።

«በርቷል» አለ ዌድ።

እናቱ ቀና አለች።

«ሞተሩን ስናሟሙቅ በራ። እሱ ‹ግፊቱን አየሁት፣ ደህና ነው፤ የተበላሸው አምፖሉ ነው፤ ዓይኔን ወጋኝ፣ ንቀለው› አለኝ። እኔም… ጌጁን ያያል ብዬ አመንኩት። ነቀልኩትና እሳት እንዳይፈጥር ጫፉን ጠቀለልኩት። ቀበቶውን አጥብቄ ‹ሂድ ብላቸው› ብዬ ጣራውን መታሁለት።» ወደ እናቱ ዞረ። «ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም፣ እማዬ? ብትነግሪኝ እጄ ቢቆረጥ አልነቅለውም ነበር።»

«ብነግርህ ለእሱ ትነግረው ነበር።»

«አዎ» አለ ዌድ። «እነግረው ነበር።»

ናዲን ተነስታ ሄደችና ጭንቅላቱን ወደ ደረቷ ሳበችው። ረጅም ጎረምሳ ነው፤ እሷ ዘንድ ለመድረስ ጎንበስ አለ። እንደዚያ ሆነው ሁለቱም አለቀሱ። ራንዳል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሃርላን የፓምፑን ሞላ በሁለት ጣቱ ይዞ ይጫናታል፣ ይለቃታል፣ ይጫናታል።

ቬርና ናዲንን ሳታስራት ከጎኗ አስቀምጣ ወደ ከተማ ይዛት ሄደች። መንገድ ላይ «ልታድኚው ነበር» አለቻት።

«አትበዪኝ» አለች ናዲን። «ደግ ልብ እንዳለኝ አትንገሪኝ። ደግ ልብ ሳይሆን ድፍረት ነበር የሚያስፈልገው። ፊት ለፊቱ ቆሜ ቁልፉን መንጠቅ ነበረብኝ።»

ክሱ በቸልተኝነት ሰው መግደል ሆነ። ናዲን የጠበቃዋን ምክር አልሰማም ብላ ጥፋተኛ ነኝ አለች፤ ዳኛውም ወደ ወህኒ አልላኳትም። ቬርና ግን ከዚያ ቀን የሚታወሳት ችሎቱ ከመጀመሩ በፊት የሆነው ነው። ሃርላንና ዌድ ሙሉ ልብስ ለብሰው በሩ ላይ ደረሱ። ወጣቱ የችሎት ዘበኛ እንደ ደንቡ አስቆማቸው።

«የሟች ቤተሰብ በቀኝ፣ የተከሳሽ ቤተሰብ በግራ ነው የሚቀመጠው። እናንተ የማን ናችሁ?»

ሃርላን ሁለቱን ረድፎች ተራ በተራ አያቸው።

«የሁለቱም» አለ ዌድ።

ዘበኛው መንገዱን ለቀቀላቸው። ሽማግሌው የልጁን ክንድ ይዞ ወደ ግራ ሄደና ከናዲን ጀርባ ተቀመጠ። በቀኝ በኩል ያለው ረድፍ ችሎቱ እስኪያልቅ ባዶውን ቀረ።