አብሾ ለጠጣ ጠላ አይቀዳም

ብታምኑም ባታምኑም ይህ በራሴ ዓይን ያየሁት ነው። ባስታወስኩት ቁጥር ከመፍራቴ በፊት እናደዳለሁ።

ጨለማ አልነበረም። የሐምሌ ሚካኤል ዕለት፣ 1956 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ቁሐር ሚካኤል፣ አክስታችን ወይዘሮ ሸዋነሽ ቤት፣ ማኅበር ላይ ነን። ከደጅ የፎገራ ሜዳ ውሃ ተኝቶበታል።

ታናሽ ወንድሜ አንለይ የቆሎ ተማሪ ሳለ አብሾ ጠጥቷል። ያኔ ትምህርት እንዲገባቸው ብለው አስተናግር ከሚባል ዕፅ የተቀመመ ነገር ይጠጡ ነበር። እውነትም አንዴ የሰማውን አይረሳም። ግን አብሾ የጠጣ ሰው ጠላ ከቀመሰ... ይነሳበታል። የሌለ ሰው ያያል።

ከአንድ ዋንጫ አብሾ የተካፈለው ጓደኛው አለኸኝ፣ ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት ሠርግ ላይ ጠጅ ቀምሶ ብቻውን እያወራ ወደ ሜዳው ውሃ ገባ።

ሬሳው እንኳ አልተገኘም።

ስለዚህ ከወረታ፣ የአንድ ነጋዴ ሚስት ዘሊካ የጠመቀችውን ቀሪቦ በገንቦ ይዤ መጣሁ። ቀሪቦ አያሰክርም። መልኩ ጠላ ስለሚመስል ማንም ጠጣ ብሎ አይጨቀጭቀውም። ጠላ እንዳይቀዱለት ለአክስቴ ደጋግሜ ነገርኳቸው። "እሺ ልጄ" አሉኝ።

አንለይ ዋንጫውን ጨርሶ ከጋቢው ላይ የሌለ ክር መልቀም ጀመረ።

ዋንጫውን ነጥቄ አሸተትኩት... ጠላ!

"እትየ! ምን ቀዱለት?"

"በቤቴ ጠላ ሞልቶ እንግዳዬ የሰው ቤት ቀሪቦ ሲጠጣ ልይ? ያንንማ ለጥጆች ደፋሁት።"

"አልነገርኩዎትም?"

"ኧረ ተወኝ! አንድ ዋንጫ ጠላ ምን ያደርገዋል?"

ሰው እንዴት የተነገረውን አይሰማም? ማኅበርተኛው ሁሉ ሳቀብኝ።

አንለይ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

"መጣ... ጠጋ በልለት።"

"ለማን?"

"ለአለኸኝ። በሩ ላይ ቆሟል... ረጥቧል።"

ዞርኩ። በሩ ላይ ማንም የለም።

ግን በሩ አጠገብ የተቀመጡት ሰዎች፣ ጨዋታቸውን ሳያቋርጡ፣ ተራ በተራ እግራቸውን ሰበሰቡ። ሰው እንደሚያሳልፉ...

"ተነስ፣ ወደ ቤት እንሂድ" አልኩት።

"አንድ ይጠጣና ይወስደኛል።"

እጁን ያዝኩ። አልነሳ አለኝ።

እትየ ሸዋነሽ ጠላውን ይዘው መጡ። አጠገቤ ያለውን ባዶ ቦታ አይተው ተቆጡኝ።

"አንተ ደግሞ! እንግዳ እንዲህ ረጥቦ ሲንቀጠቀጥ ቦታ አትለቅለትም?"

አንለይ የነገረኝ በሹክሹክታ ነበር። እሳቸው አለኸኝን አይተውት አያውቁም።

"እትየ... አይቅዱለት! በሚካኤል!"

"በሞቴ፣ አንድ ብቻ" አሉ። የሚለምኑት ግን እኔን አልነበረም።

አሁንም አልሰሙኝም። ሞልተው ቀድተው ዋንጫውን ወደ ባዶው ዘረጉ።

የአንለይን እጅ በሁለት እጄ ጨምቄ ያዝኩ።

ዋንጫው ባዶ ሆኖ ተመለሰላቸው።

በመዳፌ ውስጥ የወንድሜ እጅ ቀዘቀዘ... ከእጅጌውም የሜዳው ጥቁር ውሃ መንጠባጠብ ጀመረ።