የሜሮን እናት

«እንዴ፣ በየት በኩል ወጣሽ?» አልኳት።

«ከየት?»

«ከቤተክርስቲያን ነዋ። አሁን ውስጥ አልነበርሽም?»

«ኧረ ገና መምጣቴ ነው» አለች፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «ደንበኛ ይዛኝ ዘገየሁ። ጀመሩ እንዴ?»

እኔ ሳቅኩ። የቀለደችብኝ መሰለኝ። እሷ ደግሞ እኔ የቀለድኩባት መሰላት።

ሁለታችንም አልቀለድንም...

ቅዳሜ ነው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ጨለማ የለ፣ ዝናብ የለ፣ ውሻ አላላዘነ። የሰፈሬ ሰው ቀልደኛ መሆኔን ስለሚያውቅ ይህን ሳወራ «ደግሞ ጀመራት» ብሎ ይስቅብኛል። እናንተ አታውቁኝም፤ ለእናንተ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው። ያየሁት በገዛ ዓይኔ ነው። መነጽሬም አፍንጫዬ ላይ ነበር።

ያነጋገርኳት ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ናት። ግድግዳችን አንድ ነው። የስፌት መኪናዋን ስትረግጥ የኔ ብርጭቆዎች መደርደሪያው ላይ ይጨፍራሉ። የምታሳድጋት ልጅ የእህቷ ልጅ ናት። ቀጭን ስለሆነች ጭራሮ ብዬ ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ሰፈሩ ሁሉ ተቀበለኝ።

የጭራሮ እናት የሞተችው ልጅቷ ጡት ሳትጥል ነው።

ከዚያ ወዲህ ጡጦ ያጠባቻት ሰፊዋ፣ ያስተማረቻት ሰፊዋ፣ ትኩሳት ሲይዛት ቁጭ ብላ ያደረችው ሰፊዋ። ልጅቷ ግን «አክስቴ» ነው የምትላት። «እማ» የምትባለው ግድግዳው ላይ ያለችው ፎቶ ናት።

«ምንም አትሠራ፣ ምንም አትቆጣ፣ ተሰቅላ እማ ትባላለች» አለችኝ አንድ ቀን፣ መርፌውን በጥርሷ ይዛ።

ሰው በሕያው ሲቀና አይቻለሁ። በሞተ ሰው እንዲህ የሚቀና ግን ያየሁት እሷን ነው። የእህቷን ስም ስትጠራ እንኳ ጨው እንደበዛበት ወጥ ቶሎ ትውጠዋለች።

እንግዲህ ጭራሮ ሜሮን የምትቀባበት ጊዜ ደረሰ።

በእኛ በካቶሊኮች ዘንድ ልጅ ሜሮን የሚቀባው ከፍ ብሎ ነው፤ በቁምስናችን ልጆቹን የሚያዘጋጃቸው የሃይማኖት አስተማሪው፣ ካቴኪስቱ ነው። ጡረታ የወጣ መምህር፣ ሲስቅ ታይቶ የማይታወቅ። በመጀመሪያው ስብሰባ ለወላጆች ሁሉን ነገር አስረዳ፤ እኔም ሰፊዋን ተከትዬ ሄጄ ነበር። እያንዳንዱ ልጅ የሜሮን እናት ወይም የሜሮን አባት ይኖረዋል። ጳጳሱ ዘይቱን ሲቀቡት እነዚህ ከኋላው ቆመው ቀኝ እጃቸውን ቀኝ ትከሻው ላይ ያደርጋሉ፤ ከዚያ በኋላም በእምነቱ ይጠብቁታል። አክስት ይሆናል፣ አያት ይሆናል፣ ጎረቤት ይሆናል። የወለደ ግን አይሆንም።

ይህን ብሎ ወደ ሰሌዳው ዞረ።

«እናትስ?» አለች አንዲት ሴት ከኋላ፣ በቀስታ።

«እናት አይፈቀድም አልኩ እኮ» አለ፣ ሳይዞር እየጻፈ።

ሁላችንም ሳቅን። አሁን የተነገረ ነገር የማይገባት ማን ናት ብዬ ዞር አልኩ...

ከኋላችን ያለው አግዳሚ ባዶ ነበር።

አፍራ ወጥታለች አልኩ። በሩ ግን ሲከፈት እንደ አህያ የሚያናፋ በር ነው፤ አልሰማሁትም።

ሰፊዋ ያን ቀን እየበረረች ነው ቤቷ የገባችው። ጭራሮ መርጣታለች። ከአሁን በኋላ በቤተክርስቲያን ፊት «የጭራሮ የሜሮን እናት» ልትባል ነው። እናት የሚለው ቃል በመጨረሻ እሷ ጋ ደረሰ። ለልጅቷ ነጭ ቀሚስ ልትሰፋላት ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ ወደ ፎቶው ቀና ብላ፣ እኔ እየሰማሁ እንዲህ አለች።

«በሕይወት ብትኖሪም አይፈቀድልሽም ነበር።»

ደስ አላለኝም። ግን እንደልማዴ ቀልጄ አለፍኩ። «ቀስ በይ፣ ሰምታ እንዳትመጣ» አልኳት።

ምነው ምላሴን በቆረጠው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እኔ ቤት ተቀምጠን ሻይ እየጠጣን ነው። ከግድግዳው ወዲያ፣ ከእሷ ቤት፣ ድምፅ መጣ።

ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ...

ጨርቅ የሚቆርጥ መቀስ።

ሰፊዋ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ጭራሮ ናት» አለች። «ቀሚሱን እንዳትነካ ብያት ነበር።»

ያን ጊዜ የእኔ በር ተንኳኳ።

ጭራሮ ናት። ደብተሮቿን አቅፋለች። ከትምህርት ቤት መምጣቷ ነው።

«አክስቴ፣ ቁልፉን ስጪኝ። ቤቱ ተቆልፏል።»

ድምፁ ቆመ...

አብረን ሄደን ከፈትን። ማንም የለም። ቀሚሱ እንደነበረ ነው። አንድ ነገር ብቻ ነው የተለወጠው። ግድግዳው ላይ ሚስማር ላይ የሚንጠለጠል አሮጌ መቀስ ነበር፣ ማንም የማይጠቀምበት። አሁን ጠረጴዛው ላይ፣ ከነጩ ጨርቅ አጠገብ ተቀምጧል። አፉ ተከፍቶ።

ሰፊዋ መልሳ ሰቀለችው። ለምን ማንም እንደማይጠቀምበት የዚያን ዕለት አልጠየቅኳትም።

እንግዲህ ወደ ቅዳሜው ልመለስ።

ጳጳሱ የሚመጡት እሑድ ስለሆነ ቅዳሜ ልምምድ ነበር። የመሠዊያውን ጨርቆች የማጥበውና የምተኩሰው እኔ ስለሆንኩ ከኋላ ተቀምጬ አጣጥፋለሁ። ልጆቹ ፊታቸውን ወደ መሠዊያው አድርገው ተሰለፉ። የሜሮን እናቶችና አባቶች ከኋላቸው። ካቴኪስቱ ልጆቹ እንዳይዞሩ አስጠንቅቋል፤ የዞረ ከመጀመሪያ ይጀምራል።

ከጭራሮ ኋላ አንዲት ሴት ቆማ ነበር። ግራጫ ቀሚስ፣ ቀጭን ትከሻ። እጇን ልጅቷ ትከሻ ላይ አድርጋለች። ሰፊዋ ናት ብዬ፣ እንዴት ከስታለች እያልኩ፣ ጨርቁን ላራግፍ ወደ ውጭ ወጣሁ።

በሩ ላይ ከሰፊዋ ጋር ተገጣጠምን። ያን ነው መጀመሪያ ያወራኋችሁ።

ሮጠን ገባን።

ከጭራሮ ኋላ ማንም የለም።

ልምምዱ እስኪያልቅ ሰፊዋ ቦታዋን ይዛ ቆመች። እንዳለቀ ልጅቷን ጎትታ ከምሰሶው ጀርባ ወሰደቻት። እኔም ተከተልኩ፤ ወሬ አያምልጠኝ።

«ማን ነበረች?» አለች በሹክሹክታ።

«የቷ?»

«ከኋላሽ። እኔ ሳልመጣ።»

«አንቺ ነሻ።»

«እኔ ዘግይቻለሁ።»

ጭራሮ ትከሻዋን እያሻሸች...

«ለዚያ ነው እጅሽ በረዶ የሆነብኝ» አለች።

ሰፊዋ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ ተቀይሯል። «አንቺ ነሽ አይደል? ቦታዬን ስትመኚ ነበር። ቀልድሽን ሌላ ቦታ አድርጊው እሺ።»

ልመልስላት አፌን ስከፍት የጭራሮን ሸሚዝ አየሁ። ነጭ የትምህርት ቤት ሸሚዝ ነው። ቀኝ ትከሻው ላይ የጣት አሻራ አለ። አምስት ጣት፣ ሰማያዊ፣ እንደ ዱቄት።

«ይኸው፣ የጠመኔ እጅሽን ሳትታጠቢ መጥተሽ በሰው ታመካኛለሽ» አልኳት።

ሰፊዋ አሻራውን አየችው።

«እኔ በሳሙና ስባሪ ነው ጨርቅ የማሰምረው» አለች፣ ድምፅዋ እየሰለለ። «ሁልጊዜ። ቤቴ ጠመኔ የለም።»

እውነቷን ነው። ስንት ዓመት ሳያት ሳሙና ነው።

«በሰማያዊ ጠመኔ የምታሰምረው እህቴ ነበረች።»

ከዚያ የራሷን ቀኝ እጅ አንሥታ አሻራው ላይ ልታስተካክለው ሞከረች። አልገጠመም። የእሷ አውራ ጣት ወደ ልጅቷ አንገት ያመለክታል። አሻራው ላይ ያለው አውራ ጣት ወደ ክንዷ ነው የዞረው።

የግራ እጅ ነው።

«መቀሱን የማልጠቀምበትም ለዚያ ነው» አለችኝ በጆሮዬ። «በቀኝ እጅ አይቆርጥም። ግራኝ ለነበረችው ለእህቴ የተሠራ ነው።»

ወደ ቤት ተመለስን። ልጅቷን ለዕቃ ላከቻትና አልጋዋ ሥር ያለውን ሳጥን ከፈተችልኝ። ውስጡ በወረቀት የተጠቀለለ ነጭ ቀሚስ አለ። እህቷ ሜሮን የተቀባችበት። ጭራሮ ስንት ጊዜ እየለመነች ሰፊዋ «ብል በልቶታል» ያለቻት ቀሚስ ነው። ብል ቀርቶ ክር አልተመዘዘም።

«ስጪያት» አልኳት።

«እሰጣታለሁ።»

«ነገ ትልበሰው።»

ሳጥኑን ዘጋችው። በላዩም ተቀመጠችበት።

«ዕድሜ ልኳን የእሷ ናት» አለች። «ነገ ብቻ... ነገ አንድ ቀን የእኔ ትሁን።»

ቀልድ ፈለግኩ፣ አጣሁ። እኔ ቀልድ ካጣሁ ነገሩ ምን ያህል እንደከበደ እወቁት።

እሑድ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ቤተክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞልቷል። ጭራሮ አክስቷ የሰፋችላትን ቀሚስ ለብሳለች። አምሮባታል፤ እንጨትነቷ ራሱ ጠፍቷል። ሰፊዋ ማንም ሳይቀድማት ከኋላዋ ቆማለች። ቀኝ እጇን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ጣቶቿ እስኪነጡ ይዛታለች። የልጅቷን ትከሻ ይዛለች ከማለት ሙጭጭ ብላበታለች ማለት ይቀላል።

እኔ ከጎን ነበርኩ። በደንብ ይታየኛል።

ጳጳሱ እየቀቡ እየቀረቡ መጡ። ካቴኪስቱ ዘይቱን ይዞ አጠገባቸው ነው።

ከጭራሮ ፊት ቆሙ። ስሟን ጠየቋት። ለሜሮን የመረጠችውን ስም ማለታቸው ነው። ከአክስቷ ጋር የተስማሙበት የአንዲት ቅድስት ስም ነበር።

ጭራሮ የእናቷን ስም ተናገረች።

የሰፊዋ መንጋጋ ሲጠብቅ አየሁ። እጇ ግን አልላላም።

ጳጳሱ አውራ ጣታቸውን ዘይቱ ውስጥ ነክረው ግንባሯ ላይ በመስቀል ምልክት ቀቧት። «የመንፈስ ቅዱስን ስጦታ ማኅተም ተቀበዪ።»

«አሜን።»

የዚያን ጊዜ የልጅቷ ቀኝ ትከሻ ትንሽ ዝቅ አለ። የሆነ ክብደት እንደተጨመረበት...

ሰፊዋ ወደ ታች፣ ወደ እጇ አየች። ፊቷ የለበሰችውን ነጠላ መሰለ። ግን ንቅንቅ አላለችም።

ጳጳሱ ለሰፊዋ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጡ። ለሌሎቹም እንዲሁ ሲያደርጉ ነበር።

ከዚያ ከሰፊዋ ትከሻ በላይ አዩ።

ደግመው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ።

ወደሚቀጥለው ልጅ አለፉ።

ቅዳሴው አልቆ ሰው በደጅ ፎቶ ይነሣል። ሰፊዋ ቀኝ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ ግድግዳውን ተደግፋለች። ጭራሮ ከጓደኞቿ ጋር ትስቃለች።

«መጣች» አለችኝ።

«ዝም በይ።»

«እጄ ላይ እጇን ጫነች። በረዶ ነው። ላስለቅቃት ፈለግኩ... ከዚያ ልጅቷን ያማታል ብዬ ተውኩት።»

«ከዚያስ?»

«አልለቀቅኩም።»

«እሷስ?»

«እሷም።»

እጇን ከነጠላው ውስጥ አወጣች። ጀርባው ላይ አራት ሰማያዊ ጣቶች ተኝተዋል። አምስተኛው ወደ ውጭ ዞሯል። በመሐረቧ ብትፈትገው፣ ብትፈትገው፣ ቆዳዋ ቀላ እንጂ ሰማያዊው አልሄደም።

«ዛሬ ቀሚሱን እሰጣታለሁ» አለች። መሐረቧን እያጠፈች ደግሞ፣ «እጄን ግን አላነሣም። ይሰማታል አይደል? ትስማ።»

ትቻት ወደ ውስጥ ገባሁ። የመሠዊያውን ጨርቅ ማንሣት ነበረብኝ። ካቴኪስቱ ብቻውን ወንበር እየደራረበ ነው። ዘይቱን ይዞ ከጳጳሱ አጠገብ የቆመው እሱ ነው፤ የልጆቹንም ከኋላቸው የቆሙትንም ፊት ያየ ሰው ቢኖር እሱ ነው። በቀልድ አስመስዬ ልጠይቀው አሰብኩ።

«ጋሼ፣ ከጭራሮ ኋላ ስንት ሰው ነበር የቆመው?»

አንድ ወንበር አነሣ። ሌላው ላይ ደረበው።

«ሁለት» አለ።

አንዷን አውቃታለሁ አልኩት። ሁለተኛዋ ማን እንደሆነች ጠየቅኩት።

ካቴኪስቱ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። ሲበሳጭ እንዲህ ያደርጋል።

«እናት አይፈቀድም ብዬ ሁለቴ ነግሬያት ነበር» አለኝ።